ከሶል እስከ ጄጁ፦ የኮሪያ ባህላዊ ገበታና የሜታቦሊዝም ጤና

የኮሪያ ባህላዊ ገበታ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ አንድ ሳህን ሩዝ፣ አንድ ሳህን ሾርባ፣ ኪምቺ፣ እንዲሁም ባንቻን የሚባሉ በትናንሽ ሳህኖች የሚቀርቡ ማባያዎች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ ቀድሞ የሚመጣ፣ ኋላ የሚከተል የለም። ሩዙ ያለ ጨውና ያለ ዘይት የተቀቀለ በመሆኑ ጣዕም የሚሰጠው ማባያው ነው። ተመጋቢው ሩዙንና ሾርባውን በማንኪያ፣ ማባያውን በቀጭን የብረት ቾፕስቲክ ጥቂት ጥቂት እያነሳ ይበላል። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ገበታው የጾም በየዓይነቱን ያስታውሰዋል፤ የእንጀራውን ቦታ ሩዝ ወስዶ፣ ወጡና አትክልቱ በየሳህኑ ተከፋፍሎ የቀረበ ይመስላል።

በጆሰን ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1392–1910) የገበታ ማዕረግ በማባያ ቁጥር ይለካ ነበር። ሩዝ፣ ሾርባ፣ ኪምቺና ማጣፈጫዎቹ ሳይቆጠሩ፣ ለተራው ሰው ሦስት፣ ደህና ኑሮ ላለው አምስት፣ ለመኳንንቱ ሰባትና ዘጠኝ፣ ለንጉሡ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓይነት ማባያ ይቀርብ ነበር። ማዕረጉ ቢለያይም የገበታው አሠራር አንድ ነው፤ እህል መሃል ላይ፣ አትክልት ዙሪያውን፣ ሥጋ ከተገኘ በጥቂቱ።

ሜታቦሊዝም ሰውነት የበላውን ወደ ኃይልና ወደ ገላ የሚለውጥበት ሥራ ነው። ሐኪሞች ይህ ሥራ መዛባቱን የሚያዩት በአምስት ልኬቶች ነው፦ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ፣ እና ኤች ዲ ኤል የሚባለው ጠቃሚ ኮሌስትሮል። ከአምስቱ ሦስቱ ከወሰን የወጡበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል፤ ለስኳር በሽታ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በኮሪያ የወገብ ወሰን ለወንድ 90፣ ለሴት 85 ሴንቲ ሜትር ነው።

የኮሪያ ምግብ ለዚህ ጤና ይበጃል የሚለው ዝና ዓለምን ዞሯል። ብዙውን ጊዜ ግን ዝናው የሚሰጠው ለአንድ ምግብ፣ ለኪምቺ ብቻ ነው። አገሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሚያቋርጥ ሰው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ገበታው ከየአካባቢው የተዋጣ ነው፤ ከተራራው ብርድ የሚችል እህል፣ ከሜዳው ሩዝና አኩሪ አተር፣ ከገዳሙ የዱር ቅጠል፣ ከባሕሩ አረምና ዓሣ። ጤናን የሚጠብቀውም የሚጎዳውም የነዚህ ሁሉ አሰባጠርና መጠን ነው።

ሶል፦ ምግብና መድኃኒት

በምሥራቃዊ ሶል፣ ጄጊ ዶንግ በተባለው ሰፈር ያለው የግዮንግዶንግ ገበያ አትክልት ተራና የባህል መድኃኒት ተራ የተጋጠሙበት ቦታ ነው። በአንድ ወገን ጎመን፣ ሽንኩርትና የደረቀ ዓሣ ይሸጣል። በሌላው ወገን ጂንሰንግ፣ የደረቀ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ጁጁብ የተባለው ቴምር መሰል ፍሬና የልዩ ልዩ ዕፀዋት ሥር በጆንያ ተሞልቶ ይቆማል። አንዲት እናት ከአንዱ መደብር ዶሮ፣ ከሚቀጥለው ጂንሰንግ ገዝታ ሁለቱን በአንድ ድስት ትቀቅላለች። የዓመቱ ሙቀት በሚበረታባቸው ሦስት የበጋ ቀናት የሚበላው ሳምግዬታንግ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ጫጩትነት ያለፋት ትንሽ ዶሮ ሆዷ በሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጂንሰንግና በጁጁብ ተሞልቶ ትቀቀላለች።

ምግብና መድኃኒት ምንጫቸው አንድ ነው የሚለው ይህ እሳቤ በጽሑፍም ሥር የሰደደ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ሆ ጁን «ዶንግዊ ቦጋም» የተባለውን የሕክምና መጽሐፍ በ1610 ጨርሶ በ1613 አሳተመው፤ ዩኔስኮም በ2009 በዓለም የጽሑፍ ቅርስነት መዝግቦታል። መጽሐፉ በሽታን ከማከም በፊት አኗኗርንና አመጋገብን ማስተካከል እንዲቀድም ያስተምራል። ዛሬ በኮሪያ ቤቶች «ይህ ለጉበት፣ ያ ለኩላሊት» እየተባለ የሚወራው ሁሉ በምርመራ የተረጋገጠ አይደለም። ይሁን እንጂ እሳቤው አንድ ጠቃሚ ልማድ ትቷል፤ ሰው ምን እንደሚበላ ከመታመሙ በፊት ያስባል።

በሶል አሮጌ ምግብ ቤቶች የሚታይ ሌላም ልማድ አለ። ከምግብ በኋላ የሚቀርበው የተቆላ ገብስ ሻይ ወይም በድስት ሥር ያረረ ሩዝ የተፈላበት ውሃ ነው፤ በሁለቱም ስኳር የለም። ጣፋጭ የሚባለው ወቅቱ ያፈራው ፍሬ ነው። ከማርና ከሩዝ የሚሠሩት ኬኮችና ብስኩቶች ለበዓል፣ ለሠርግና ለሙታን መታሰቢያ የተለዩ ናቸው። ዘይት ውድ በነበረበት ዘመን የተቀረጸው ወጥ ቤት ከመጥበስ ይልቅ መቀቀልን፣ በእንፋሎት ማብሰልንና በፈላ ውሃ ገረፍ ማድረግን ይመርጣል። ለሜታቦሊዝም ጤና እነዚህ ጸጥ ያሉ ልማዶች ስመ ጥር ከሆኑት ምግቦች ያላነሰ ዋጋ አላቸው፤ በየቀኑ ከሚጠጣ ስኳር መራቅ ብቻውን ጉበትን ብዙ ሸክም ያቀልለታል፤ ቆሽትም ኢንሱሊን ለማምረት በየሰዓቱ አይዋከብም።

ቹንቾን፦ የተራራው እህልና የረሃብ ዘመን

ከሶል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወስደው ባቡር ከአንድ ሰዓት በጥቂት በሚበልጥ ጉዞ ቹንቾን ይደርሳል። ከተማዋ የጋንግዎን አውራጃ ዋና ከተማ ናት፤ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለችም። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1951 ግንቦት ቡሳን ወደብ የደረሰው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃና እርሱን የተኩት ሻለቆች በእነዚህ ተራሮች አካባቢ ተዋግተዋል፤ በጦርነቱ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተሳትፈው ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል። በጎንግጂቾን ወንዝ ዳር የቆመውን ሐውልት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ኮሪያን ሲጎበኙ ተገኝተው መርቀውታል። በዚያው ዓመት በአጠገቡ በኢትዮጵያ ስም የተከፈተው ቡና ቤት ዛሬም ይሠራል። ጣሪያው የኢትዮጵያን ጎጆ ቤት እንዲመስል የተሠራው የዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ደግሞ በ2007 ተከፍቷል።

እነዚያ ወታደሮች ያዩት አገር የተራበ አገር ነበር። ረሃቡ ግን ከጦርነቱ ይቀድማል፤ ከጦርነቱም በኋላ ቆይቷል። ያለፈው ዓመት ሩዝ አልቆ የአዲሱ ዓመት ገብስ ሳይደርስ የሚያልፈው የጸደይ ወራት ገበሬው በዛፍ ልጥ፣ በዱር ቅጠልና በቀጭን ገንፎ የሚሻገረው ጊዜ ነበር። የኮሪያ ባህላዊ አመጋገብ ሲወደስ ይህ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም። አያቶች ቀጭን የነበሩት በጥበብ ብቻ አይደለም፤ በማጣትም ጭምር ነው። ዛሬ በምግብ ቤት ውድ ዋጋ የሚያወጣው የተራራ ቅጠል ያኔ የችግር ቀን ምግብ ነበር።

የጋንግዎን ቀዝቃዛ ቁልቁለት ለሩዝ ማሳ አይመችም፤ የአካባቢው ሰው የኖረው በባክዊት፣ በድንች፣ በበቆሎና በማሽላ መሰል እህሎች ነው። ቹንቾን የምትታወቅበት ማክጉክሱ ከባክዊት ዱቄት የሚሠራ ቀዝቃዛ ኑድል ነው፤ በራዲሽ ኪምቺ መረቅ፣ በኪያርና በሰሊጥ ይበላል። በሌሎች አውራጃዎችም ነጭ ሩዝ ብቻውን መብላት የሀብታም ወግ ነበር፤ ድሃው ሩዙን ከገብስ፣ ከማሾ፣ ከጥቁር አኩሪ አተርና ከዳጉሳ ዓይነት ጥቃቅን እህል ጋር ቀላቅሎ ይቀቅል ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መንግሥት የሩዝ እጥረትን ለማቃለል ቅልቅል እህልና የስንዴ ዱቄት እንዲበላ ሲቀሰቅስ፣ መምህራን የተማሪዎችን የምሳ ዕቃ እየከፈቱ ገብስ መቀላቀሉን ይመረምሩ ነበር።

በድህነት የተጀመረው ቅልቅል ለሰውነት የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለው፤ በሆድ ውስጥ ሙጫ መሰል ሆኖ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። ባቄላና አኩሪ አተር የተቀላቀለበት ሩዝ ከነጭ ሩዝ ብቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ የደም ስኳርም በአንድ ጊዜ አይነጥርም።

ጆንጁና ሱንቻንግ፦ አኩሪ አተር በጋን

ከቹንቾን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወረድ ተራራው እየለቀቀ የሆናም ሜዳ ይዘረጋል። ይህ የኮሪያ የሩዝ ጎተራ ነው። የሜዳው ከተማ ጆንጁ በ2012 በዩኔስኮ የምግብ ጥበብ ከተማነት ተመርጣለች፤ ስሟ የሚነሳውም በቢቢምባፕ ነው። በሩዝ ላይ የአኩሪ አተር ቡቃያ፣ ስፒናች፣ ካሮት፣ እንጉዳይ፣ የተራራ ቅጠልና ሌሎች አትክልቶች በየቀለማቸው ይደረደራሉ። ጥቂት ሥጋና እንቁላል ይታከልና በቀይ በርበሬ ማጣፈጫና በሰሊጥ ዘይት ይታሻል። በአንድ ሳህን ውስጥ ያለውን የአትክልት ብዛት የሚያይ ሰው ሩዙ ዋና ሳይሆን መያዣ እንደሆነ ይረዳል።

በጆንጁ የሚገኘው የቾንቡክ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የደም ግፊትና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ለ12 ሳምንት ባህላዊውን ገበታ መግበው፣ የለመዱትን ከሚበሉ ሕሙማን ጋር አነጻጽረዋል። በ2014 በታተመው ውጤት፣ የወራት የደም ስኳር ይዞታን የሚያሳየው ልኬት በባህላዊው ገበታ ተመጋቢዎች ላይ ቀንሷል። ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ ሆኖም የተፈተነው አንድ ቅመም ሳይሆን ሙሉው ገበታ በመሆኑ ትኩረት ይገባዋል።

የዚህ ሁሉ ጣዕም መሠረት ከጆንጁ በስተደቡብ በምትገኘው በሱንቻንግ ይታያል። በዚያ ከየቤቱ ጓሮ ኦንጊ የተባሉ ቡናማ የሸክላ ጋኖች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሥራው የሚጀምረው ብርድ ሲገባ ነው። አኩሪ አተር ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ እንደ ጡብ ይቀረጻል፤ ከዚያም በሩዝ ገለባ ታስሮ ይሰቀላል። በገለባውና በአየሩ ያሉ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ጡቡን ለሳምንታት ያብላሉታል። በብርዱ ወራት መጨረሻ ወይም በጸደይ መግቢያ ጡቦቹ ጋን ውስጥ በጨው ውሃ ይነከራሉ፤ ከሰልና ደረቅ በርበሬም ይጣልበታል። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቆይቶ ፈሳሹ ይለያል፤ እርሱ ጋንጃንግ የተባለው አኩሪ አተር ሶስ ነው። ዝቃጩ ዶንጃንግ ሆኖ ለወራትና ለዓመታት ይበስላል። ሱንቻንግ ይበልጥ የምትታወቅበት ጎቹጃንግ ደግሞ ከበርበሬ፣ ከሩዝ፣ ከብቅልና ከአኩሪ አተሩ ጡብ ዱቄት ይሠራል። በርበሬ ወደ ኮሪያ የገባው ከ1592 እስከ 1598 በተካሄደው የጃፓን ወረራ ዘመን ገደማ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ቀዩ መልክ ከአኩሪ አተሩ ጋን እጅግ ያነሰ ዕድሜ አለው። ዩኔስኮ ይህን የማጣፈጫ ዝግጅት ጥበብ በታኅሣሥ 2024 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል።

ማብላላቱ የአኩሪ አተርን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይሰባብረዋል። ምግቡ ያለ ሥጋ የሥጋ ጣዕም የሚያገኘው በዚህ ነው። አይሶፍላቮን የተባሉት የአኩሪ አተር ንጥረ ነገሮችም አንጀት በቀላሉ ወደሚወስዳቸው መልክ ይለወጣሉ። አንድ ማንኪያ ዶንጃንግ በድስት ሙሉ አትክልትና ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ላይ ሲጨመር ሥጋ የማይታሰብበት ወጥ ይሆናል። ከዚሁ ጋር ዶንጃንግ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨው ይይዛል፤ ያለ ጨው ለዓመታት መቆየት አይችልም። የገበታው ጥቅምና ጉዳት ከአንድ ጋን የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ቤግያንግሳ፦ የገዳም ገበታ

ከሱንቻንግ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በጃንግሶንግ ወረዳ በኔጃንግ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የቤግያንግሳ የቡድሃ ገዳም ይገኛል። በገዳሙ ክልል በምትኖረው መነኩሲት ጆንግ ኳን ምክንያት የገዳም ምግብ በዓለም ዙሪያ ታውቋል። በገዳም ሥጋና ዓሣ አይበላም፤ አምስት ዓይነት ሽታቸው ኃይለኛ የሆኑ አትክልቶችም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትን ጨምሮ፣ ለጸሎት አእምሮን ይረብሻሉ ተብለው ይቀራሉ። የቀረው ቅጠል፣ ሥር፣ እንጉዳይ፣ ቶፉና በጋን የበሰለ ማጣፈጫ ነው።

በዚህ ገበታ ዋናው ነገር ናሙል ነው፤ ማንኛውም ቅጠል ወይም ሥር በፈላ ውሃ ገረፍ ተደርጎ፣ ተጨምቆ፣ በጥቂት ጋንጃንግና በሰሊጥ ወይም ፔሪላ በተባለው ተክል ዘይት ይታሻል። በፈላ ውሃ የገባ ቅጠል ስለሚሟሽሽ አንድ ትልቅ እቅፍ አትክልት በሁለት ጉርሻ ያልቃል። ኮሪያውያን ብዙ አትክልት የሚበሉት ጥሬውን በማመንዠግ ሳይሆን በዚህ ዘዴ ነው። የፔሪላ ዘይት ደግሞ ከግማሹ በላይ ከኦሜጋ 3 ወገን የሆነ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ በአትክልት ዘይቶች ዘንድ ይህን ያህል የሚይዝ ጥቂት ነው።

የገዳሙ ሥርዓት ስለ መጠንም ያስተምራል። መነኮሳት በመደበኛው ሥርዓተ ማዕድ የሚበሉት አንዱ በአንዱ ውስጥ በሚገቡ አራት ጎድጓዳ ሳህኖች ነው። እያንዳንዱ የሚችለውን ብቻ ይወስዳል፣ በዝምታ ይበላል፣ ሳህኑን በውሃ አለቅልቆ ያንኑ ይጠጣል፤ የሚጣል ፍርፋሪ የለም። የጥጋብ መልእክት ከሆድ ወደ አንጎል ለመድረስ ደቂቃዎች ስለሚፈጅ ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው ሳይበዛበት ያቆማል። ይህ ልማድ በከተማ ብዙም የለም። የሶል ሠራተኛ ምሳውን በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨርሶ ይነሳል፤ በኮሪያ የተደረጉ ጥናቶችም ፈጥኖ መብላትን ከውፍረት ጋር አያይዘውታል።

ጓንጁ፦ ኪምቺና ማስረጃው

ጓንጁ ከተማ በ2010 የተቋቋመው የዓለም ኪምቺ ምርምር ተቋም መቀመጫ ናት። ኪምቺ አንድ ምግብ ሳይሆን አሠራር ነው፤ የቻይና ጎመን፣ ነጭ ራዲሽ፣ ኪያር፣ የሰናፍጭ ቅጠል፣ ሁሉም ኪምቺ ይሆናሉ። ጎመኑ በጨው ያድራል፣ ይታጠባል፤ በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጨው በተቀመጠ ትናንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ቅጠል በቅጠል ይለወሳል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ የብዙ ወር ኪምቺ የሚያዘጋጅበት ሥራ ኪምጃንግ ይባላል። ዩኔስኮ የደቡብ ኮሪያን ኪምጃንግ በ2013፣ የሰሜን ኮሪያን የኪምቺ ዝግጅት ደግሞ በ2015 በቅርስነት መዝግቧል።

ጨው ጎጂ ጀርሞችን ሲያቆም ላክቲክ አሲድ አምጪ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። በመጀመሪያ ሉኮኖስቶክ፣ አሲዱ ሲበረታ ላክቶባሲለስ የተባሉት ወገኖች ይበዛሉ። የጎመኑን ስኳር በልተው አሲድ ይሰጣሉ፤ ፋይበሩ ሳይነካ ይቀራል። በ2013 የታተመ የኮሪያ ጥናት 21 ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት አንድ ቀን ያደረ ትኩስ ኪምቺ፣ ለሌላ ስምንት ሳምንት ደግሞ የአሥር ቀን ኪምቺ መግቧቸዋል። በሁለቱም ወቅት ክብደታቸው ቀነሰ፤ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ይበልጥ የታዘዘው ግን የተብላላውን በበሉ ጊዜ ነው።

በ2024 የታተመው ሰፊ ጥናት ነገሩን ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል። ከ40 እስከ 69 ዓመት የሆናቸውን 115,726 ኮሪያውያን የመረመረው ይህ ጥናት፣ በቀን ከአንድ እስከ ሦስት ድርሻ ኪምቺ የሚበሉ ወንዶች ከዚያ በታች ከሚበሉት ይልቅ የመወፈር ዕድላቸው በ11 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በቀን አምስት ድርሻና ከዚያ በላይ በሚበሉት ዘንድ ግን ውፍረቱ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ ብዙ ኪምቺ የሚበላ ሰው ሩዙም፣ ጠቅላላ ምግቡም፣ ጨውም ይበዛበታልና። ጥናቱ የአንድ ወቅት ዳሰሳ በመሆኑ መንስኤን አያረጋግጥም። የሚያሳየው ግን ግልጽ ነው፤ ኪምቺ የሚጠቅመው በማባያነቱ፣ በሳህን ጥግ ሲቀመጥ ነው።

ዋንዶና ጄጁ፦ የባሕሩ ድርሻ

በደቡብ ጫፍ የዋንዶ ደሴቶች ባሕር በገመድና በተንሳፋፊ ተሸንሽኖ እንደ ማሳ ይታረሳል፤ ሰብሉ የባሕር አረም ነው። ጊም የተባለው በስሱ ተዘርግቶ የደረቀ አረም ሩዝ ይጠቀለልበታል። ሚዮክ የተባለው አረም ሾርባ ይሆናል፤ የወለደች ሴት ለሳምንታት ትጠጣዋለች፣ እያንዳንዱም ኮሪያዊ በልደቱ ቀን ይህን ሾርባ ይጠጣል። የባሕር አረም ካሎሪው ጥቂት፣ በውሃ የሚሟሟ ፋይበሩ ብዙ ነው። አዮዲኑም እጅግ ብዙ ስለሆነ የታይሮይድ ችግር ላለበት ሰው ያለ ልክ መብላት አይመከርም።

ከዋንዶ በመርከብ የሚደረስባት ጄጁ የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። አፈሩ ውሃ ስለማይዝ ሩዝ ብርቅ ነበር፤ ሕዝቡ በገብስ፣ በዳጉሳ መሰል እህልና በባሕር ኖሯል። ሄንዮ የሚባሉት ጠላቂ ሴቶች ያለ አየር ጋን፣ ትንፋሻቸውን ይዘው እስከ አሥር ሜትር ድረስ እየወረዱ አባሎን የተባለውን ባለ ዛጎል፣ ቀንድ አውጣና የባሕር አረም ይለቅማሉ። ባህላቸው በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዛሬ ከቀሩት አብዛኞቹ 60 ዓመት ያለፋቸው ሲሆኑ በ70ዎቹ እድሜያቸው የሚጠልቁም ብዙ ናቸው።

ሄንዮዎቹ ስለ ገበታው አንድ የሚረሳ ነገር ያስታውሳሉ። ባህላዊው ምግብ የተቀመመው በእጅና በእግር ለሚሠራ አካል ነው። ከኃይል ምንጩ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከእህል የሚገኝ አመጋገብ ቀኑን ሙሉ ማሳ ለሚቆፍር ወይም ለሚዋኝ ሰው ነዳጅ ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም ይመጥጠዋል። ያው ሩዝ ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው ትርፍ ይሆንና ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለወጣል።

ጨውና ነጭ ሩዝ

የኮሪያ ገበታ ድካም ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው ጨው ነው። ሾርባ፣ ወጥ፣ ኪምቺ፣ ዶንጃንግና በጨው የተቀመጠ ዓሣ በአንድ ገበታ ሲገናኙ ጨውነቱ ይደመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል፤ በ2010 የኮሪያውያን አማካይ 4,800 ሚሊ ግራም ገደማ ነበር። መንግሥት በ2012 ሰፊ የጨው ቅነሳ ዘመቻ ከጀመረ ወዲህ በ2020 ወደ 3,200 ገደማ ወርዷል። የመጣው ለውጥ ትልቅ ነው፤ ከሚመከረው ግን አሁንም ይበልጣል። የጨጓራ ካንሰር በኮሪያ ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ የሚገኘው በሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ጀርምና በጨዋማ ምግብ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመናል። ለዚህም መንግሥት ከ40 ዓመት በላይ ለሆናቸው ሁሉ በየሁለት ዓመቱ የጨጓራ ምርመራ ያደርጋል።

ሁለተኛው ነጭ ሩዝ ነው። ምሥራቅ እስያውያን በአማካይ ኢንሱሊን የማመንጨት አቅማቸው ውስን በመሆኑ ብዙም ሳይወፍሩ ለስኳር በሽታ ይጋለጣሉ። በ1998 የተጀመረው ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት መረጃም ከኃይላቸው አብዛኛውን ከተፈተገ እህል የሚያገኙ ኮሪያውያን ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ፣ ኤች ዲ ኤላቸው ዝቅ እንደሚል በተደጋጋሚ አሳይቷል። ሩዙ ከገብስና ከባቄላ ተለይቶ ነጭ ብቻ በሆነ ጊዜ የገበታው አንዱ ምሰሶ ወድቋል።

ገበታው ሲለወጥ

በ1970 አንድ ኮሪያዊ በዓመት በአማካይ 136 ኪሎ ግራም ሩዝ ይበላ ነበር፤ በ2023 ይህ ወደ 56 ኪሎ ግራም ወርዷል። ቦታውን የያዘው ገብስ አይደለም። የሥጋ ፍጆታ በዚያው ዘመን ከአምስት ኪሎ ግራም ገደማ ተነስቶ ዛሬ ከሩዝ በልጧል። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ፈጣን ኑድል፣ ራምዮን፣ በ1963 ለገበያ ቀረበ። በጦር ሰፈር ዙሪያ ከአሜሪካውያን በተገኘ የታሸገ ሥጋ የተጀመረው የኡይጆንግቡ ወጥ ብሔራዊ ምግብ ሆኗል። ከ1997 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ከሥራ የተሰናበቱ ብዙዎች የተጠበሰ ዶሮ ቤት ከፈቱ፤ ዶሮና ቢራም የማታ ልማድ ሆነ። ዛሬ ምግብ በስልክ ታዞ ሌሊቱንም በር ድረስ ይመጣል።

ውጤቱ ሁለት ፊት አለው። በዓለም አቀፉ መለኪያ፣ የሰውነት ክብደት ምጣኔ 30 ሲደርስ ውፍረት ተብሎ ሲቆጠር፣ ደቡብ ኮሪያ ከበለጸጉት አገሮች ሁሉ ቀጫጭን ሕዝብ ካላቸው ተርታ ናት። ሐኪሞቿ ለእስያውያን የሚጠቀሙበት 25 ሲወሰድ ግን ከአዋቂዎች ከሦስቱ አንዱ በላይ፣ ከወንዶች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወፍረዋል። ከ30 ዓመት በላይ ከሆኑት ከስድስቱ አንዱ ገደማ የስኳር በሽታ አለበት።

አሮጌው ገበታ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋበት አንዱ ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች በየቀኑ በሥነ ምግብ ባለሙያ የታቀደ ሩዝ፣ ሾርባ፣ ኪምቺና ሁለት ሦስት ማባያ በአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ሩዙም ብዙ ጊዜ እህል የተቀላቀለበት ነው። ቤት ውስጥ ማንም ጊዜ የማያገኝለትን ገበታ አሁን መንግሥት ያዘጋጃል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። የኮሪያ ባህላዊ ገበታ ለሜታቦሊዝም ጤና የሚበጀው በውስጡ ተአምረኛ ምግብ ስላለ አይደለም፤ አትክልቱ ብዙና የተለያየ፣ ሥጋው ጥቂት፣ መጠጡ ስኳር የሌለበት፣ እህሉ ቅልቅል ሲሆን ነው። ጨው ሲበዛበት፣ ሩዙ ነጭ ብቻ ሲሆንና አካል ሥራ ሲፈታ ያው ገበታ ይጎዳል። ይህን ገበታ መከተል የሚፈልግ ሰው በኪምቺ ማሰሮ ከመጀመር ይልቅ ሩዙን በገብስ ቢቀላቅል፣ ሾርባውን ቢያሳንስ፣ ቅጠሉን ቢያበዛ ወደ አሮጌው ልማድ ይበልጥ ይቀርባል።